ባሪያውም አሳዳሪውም የጠቀሱት መጽሐፍ ቅዱስ፦ «የአጎት ቶም ጎጆ»ን እንዴት እናንብበው?

በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ በቀይ ወንዝ አካባቢ በሚገኝ የእርሻ ቦታ የዕለቱ ጥጥ እየተመዘነ ነው። ባለ እርሻው ሳይመን ሌግሪ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የአንዲት የታመመች ሴት ቅርጫት ጎድሏል ይላል። አልጎደለም፤ እሱም ያውቃል። በቅርቡ ወደ ገዛው ባሪያ ወደ ቶም ዞሮ ሴትዮዋን እንዲገርፋት ያዘዋል። ቶም እንቢ ይላል። ሌግሪ ፊቱን በጅራፍ ይመታዋል፤ ቶም አሁንም እንቢ ይላል። በዚህ ጊዜ ሌግሪ ጥቅስ ያወጣል። «ባሮች ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚል በመጽሐፍ ቅዱስህ አልሰማህም? 1200 ዶላር ቆጥሬ የሰጠሁብህ አይደለህም? ሥጋህም ነፍስህም የእኔ አይደለምን?» ቶምም ነፍሱን ማንም ሊገዛት እንደማይችል፣ ሊጠብቃት የሚችለው ጌታ አስቀድሞ ዋጋዋን ከፍሎ እንደገዛት ይመልስለታል።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ሃሪየት ቢቸር ስቶው በ1852 ባሳተመችው «የአጎት ቶም ጎጆ» በተባለው ልብ ወለድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉን በስም የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ከሚያውቁትም ብዙዎቹ ቶምን የሚያስቡት ግፍን አንገቱን ደፍቶ የሚቀበል፣ ጌቶቹን ለማስደሰት የሚኖር ሰው አድርገው ነው። ታሪኩን ከመጽሐፉ ለማንበብ የተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ቶም ያገኛል፤ ለሞት ያበቃው አለመታዘዙ ነውና። ይህን ለመረዳት ደግሞ ልብ ወለዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ያለውን ዝምድና ማወቅ ያስፈልጋል።

ልብ ወለዱን ያስጻፈው ምንድን ነው?

በ1850 በአሜሪካ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የአገሪቱ ምክር ቤት የኮብላይ ባሮች ሕግ የሚባለውን አጸደቀ። ባርነት በሌለባቸው በሰሜን ግዛቶች የሚኖር ሰው ሳይቀር ኮብላዩን በማስያዝ እንዲተባበር ሕጉ ያስገድዳል። የኮበለለን ሰው የደበቀ ወይም ያስመለጠ እስከ 1000 ዶላር ይቀጣል፤ እስከ 6 ወርም ይታሰራል። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ ቃሉን እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ወደ ባርነት ከመለሰው 10 ዶላር ይከፈለዋል፤ ነጻ ከለቀቀው ግን 5 ዶላር ብቻ ነው።

ስቶው ያደገችው በሰባኪዎች ቤት ነው። አባቷ ሊማን ቢቸር በዘመኑ ስመ ጥር ሰባኪ ነበር፤ ወንድሞቿም የሰባኪነትን ሥራ ያዙ። ባሏ ካልቪን ስቶው በሲንሲናቲ ከተማ በሚገኝ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር ነበር። ሲንሲናቲ በኦሃዮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው ኬንታኪ ባርነት የሚፈቀድባት ግዛት ነበረች። ስቶው በዚህ ድንበር 18 ዓመት ያህል ኖራለች። በ1849 ኮሌራ ከተማዋን ሲመታ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን ቀበረች። ልጇ ከጉያዋ የሚነጠቅባት ባሪያ እናት ምን እንደሚሰማት የተማርኩት በዚያ ልጅ መቃብር ላይ ነው ስትል በኋላ ጽፋለች።

ቤተሰቧ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜይን ግዛት ከተዛወረ በኋላ፣ በ1851 መጀመሪያ ላይ በብረንዝዊክ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የቁርባን ሥርዓት ላይ ተቀምጣ ሳለች አንድ ባሪያ እየተገረፈ ሲሞት በዓይነ ሕሊናዋ እንደታያት ቤተሰቧ ይተርካል። ለእኔ መጽሐፉን የሚከፍተው ቁልፍ ይህ ነው። መጀመሪያ የመጣላት የመጨረሻው ትዕይንት፣ የቶም ሞት ነው። የመጣላትም የክርስቶስ ሥጋና ደም በሚታሰብበት ሰዓት ነው። የቀረውን ታሪክ የጻፈችው ወደዚያ ሞት የሚያደርስ መንገድ አድርጋ ነው።

ታሪኩ ከሰኔ 1851 ጀምሮ በዋሽንግተን ይታተም በነበረው «ናሽናል ኢራ» ጋዜጣ በየሳምንቱ ወጣ። በመጋቢት 1852 በመጽሐፍ መልክ ሲታተም በአንድ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ብቻ 300 ሺህ ያህል ቅጂ ተሸጠ።

መጽሐፍ ቅዱስ ለባርነት ምስክር ሆኖ ይቀርብ የነበረው እንዴት ነው?

በዚያ ዘመን የነበረው ክርክር አማኝና ኢአማኒ የተፋጠጡበት አልነበረም። ሁለቱም ወገን ክርስቲያን ነኝ ይላል፤ ሁለቱም አንዱን መጽሐፍ ይጠቅሳል። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ተካስሰው ሁለቱም አንድን ሽማግሌ በምስክርነት ሲጠሩ እንደማለት ነው። ጥያቄው ሽማግሌው የማን ነው ሳይሆን ምን ተናገረ የሚለው ነበር።

ባርነትን የሚደግፉት ሰባኪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ዘፍጥረት 9ን ነው፦ «ከነዓን ርጉም ይሁን፤ ለወንድሞቹም የባሪያዎች ባሪያ ይሁን።» ጥቁሮች የካም ዘር ስለሆኑ እርግማኑ በእነርሱ ላይ ነው ይሉ ነበር። እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ ሳይነገረው የሚያስተውለው ነገር አለ። የተረገመው ከነዓን ነው፤ የካም ልጅ ኩሽ አልተረገመም። በቀጣዩ ምዕራፍ የካም ልጆች ሲዘረዘሩ ኩሽ ቀድሞ ይጠራል፤ በኩሽ ላይ ግን አንዲት የእርግማን ቃል የለችም። ጥቅሱ አልፎ አልፎ ሳይሆን ለትውልዶች የተሰበከው እንዲህ ተቆርጦ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ አብርሃም ባሮች ነበሩት የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ሌግሪ የጠቀሰው፣ ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚያዘው የኤፌሶን 6 ቃል ነው። በተቃራኒው ባርነት እንዲወገድ የሚታገሉት «ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ» የሚለውን የዘዳግም 23 ትእዛዝ፣ ሰውን ሰርቆ የሚሸጥ ይገደል የሚለውን የዘፀአት 21 ሕግ ያነሡ ነበር። ክርክሩ አብያተ ክርስቲያናትን ለሁለት ከፈለ፤ ሜቶዲስቶች በ1844፣ ባፕቲስቶች በ1845 ሰሜንና ደቡብ ተባብለው ተለያዩ።

ባሮቹም የራሳቸው ንባብ ነበራቸው። እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት የዘፀአት ታሪክ በመዝሙራቸው ውስጥ የገነነው በዚህ ምክንያት ነው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የመዝሙር 68 ቃልም የጥቁር አሜሪካውያን ስብከት ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። በኒውዮርክ በ1808 የተመሠረተችው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን ባፕቲስት» የሚለውን ስም መያዟም የዚያ መንፈስ ምልክት ነው። አሳዳሪዎቹ የዚህን ንባብ ኃይል ያውቁ ነበር። በ1807 በለንደን ለካሪቢያን ባሮች ተብሎ የታተመ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ተቆርጦለት ነው የወጣው።

ስቶው ይህንን ሙግት በእንፋሎት መርከብ ላይ አስቀምጣዋለች። ከታች፣ በሰንሰለት የታሰሩ ባሮች አሉ። ከላይ፣ በምቹው ክፍል፣ አንድ ቄስ የከነዓንን እርግማን ጠቅሶ ባርነት የአምላክ ፈቃድ መሆኑን ያስረዳል። አንድ ወጣት ደግሞ «ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን ሁሉ እናንተ ደግሞ እንዲሁ አድርጉላቸው» የሚለውን የወንጌል ቃል ያነሣና ይህስ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም ወይ ይላል። ምዕራፉ ግን በዚህ አያበቃም። በዚያው መርከብ ላይ የአንዲት ወጣት እናት ሕፃን ከተኛበት ተወስዶ ይሸጣል፤ እናቲቱ በሌሊት ራሷን ወንዝ ውስጥ ትወረውራለች። ስቶው በምዕራፉ ራስ ላይ ያሰፈረችው ስለ ልጆችዋ እያለቀሰች መጽናናትን እንቢ ስላለችው ራሔል የሚናገረውን ቃል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ይህ ቃል የሚጠቀሰው ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያስገድል ነው። ነጋዴው ማን እንደሆነ ለመናገር ሌላ ስድብ አላስፈለጋትም።

ሕግና ወንጌል ሲጋጩ ማንን እንታዘዝ?

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ትዕይንት በኦሃዮ በአንድ ሴናተር ቤት የሚካሄደው ነው። ሴናተር በርድ ኮብላዮችን መርዳት የሚከለክል ሕግ ደግፎ ከምክር ቤት ተመልሷል፤ ጫማውን አውልቆ ሻይ ሊጠጣ ተቀምጧል። ባለቤቱ ሜሪ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ በፖለቲካ ገብታ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ምሽት ግን ትገባለች። ስለ ፖለቲካ እንደማታውቅ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ማንበብ ግን እንደምትችል ትነግረዋለች፤ እዚያም የተራበን አብሉ፣ የታረዘን አልብሱ የሚል እንዳነበበች፣ የምትከተለውም እሱን እንደሆነ። ሕጉን በመጀመሪያው አጋጣሚ እንደምትጥሰውም አልደበቀችውም። ባልየው ስለ አገር ጥቅምና ስለ ስሜታዊነት መዘዝ በቂ ምክንያት አዘጋጅቷል፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ግን አጋጣሚው ራሱ ደጁ ላይ ይደርሳል።

የመጣችው ኤላይዛ ናት። አራት ዓመት ያለፈው፣ አምስት ያልሞላው ልጇ ሃሪ ሊሸጥ መሆኑን ሰምታ፣ ልጇን ታቅፋ፣ በበረዶ ግግር ላይ እየዘለለች የኦሃዮን ወንዝ ተሻግራለች። ለምን እንደሸሸች ስትጠየቅ «እመቤቴ፣ ልጅ ሞቶብዎት ያውቃል?» ስትል መልሳ ትጠይቃለች። በበርድ ቤት ከአንድ ወር በፊት ልጅ ተቀብሯል። ሴናተሩ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ሌሊቱን ሠረገላ አስጭኖ ሴትዮዋን ራሱ ሊያሸሻት ይወስናል፤ ሚስቱም የሞተውን ልጃቸውን ልብሶች ካስቀመጠችበት መሳቢያ አውጥታ ለትንሹ ሃሪ ትቋጥርለታለች።

የማቴዎስ 25ን ቃል የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ምን እየተነበበለት እንደሆነ ያውቃል፦ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት።» ስቶው ሴናተሩን በጥቅስ ብዛት አልረታችውም። ሕጉ በወረቀት ላይ ሳለ የደገፈው ሰው ደክማ የወደቀች እናት ፊቱ ስትሆን ሕጉን የሚጥስ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ቶም ክርስቶስን ይመስላል ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሰው ምሳሌ የሚለውን ነገር ለመረዳት አይቸገርም፤ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ የክርስቶስ ምሳሌ ነው ሲባል ሰምቷል። ስቶው ይህንን የንባብ ስልት ወደ ራሷ ዘመን አምጥታ አንድን ባሪያ የክርስቶስ መከራ ምሳሌ አድርጋ ጻፈችው።

ምልክቶቹ ከመጀመሪያው ምዕራፎች ይጀምራሉ። የኬንታኪው ጌታው ሼልቢ ዕዳ ስላለበት ቶምን ይሸጠዋል። ኤላይዛ በሌሊት መጥታ ስትነግረው ሚስቱ ክሎዊ ሽሽ ትለዋለች። እሱ ግን የግድ ከሆነ እኔ ልሸጥ፤ እኔ ከሄድኩ ሌሎቹ ይተርፋሉ ይላል። ኤላይዛ እንድትሸሽ ግን ይደግፋታል። ሰው ስለ ብዙዎች ራሱን መስጠቱ ከወንጌል የተቀዳ መሆኑ ግልጽ ነው። በመርከብ ላይ ሳለ ንባቡ ገና ያልቀናለት ቶም በጣቱ እየተከተለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «ልባችሁ አይታወክ፤ በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» የሚለውን ከዮሐንስ 14 ያነባል። ይህ ጌታ ከሕማሙ በፊት ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረው የስንብት ቃል ነው።

ሌግሪ ከገዛው በኋላ በዕቃው ውስጥ የሜቶዲስት መዝሙር መጽሐፍ ያገኝበታል። ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያንህ እኔ ነኝ ይለዋል። ቶም አፉን አልከፈተም፤ በልቡ ግን ቀድሞ የሰማው የኢሳይያስ 43 ቃል ይመጣለታል፦ «ተቤዥቼሃለሁና አትፍራ፤ በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ።» የልብ ወለዱ ነገረ መለኮት ሁሉ እዚህ ተጠቅልሎ ይገኛል። ባርነት አንድ ሰው ሌላውን «የእኔ ነህ» የሚልበት ሥርዓት ነው፤ ቶም ደግሞ አስቀድሞ «የእኔ ነህ» ያለው ሌላ አለ። ሰውን መሸጥና መግዛት ከጭካኔ አልፎ የእግዚአብሔርን ንብረት መስረቅ ሆኖ የሚታየው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

በኋላ ሌግሪ መጽሐፍህን እሳት ውስጥ ጣለውና ወደ እኔ ቤተ ክርስቲያን ግባ እያለ ያባብለዋል። ቶም ጌታ ቢረዳኝም ባይረዳኝም እሱን እይዛለሁ ይላል። ይህ ከናቡከደነፆር እቶን ፊት የቆሙት የሠለስቱ ደቂቅ መልስ ነው፤ አምላካችን ያድነናል፣ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም ያሉት። ገርፈው የገደሉት ሁለቱ የእርሻው ካቦዎች፣ ሳምቦና ኪምቦ፣ በመጨረሻ ተጸጽተው ኢየሱስ ማን ነው ብለው ይጠይቁታል፤ ቶምም ነፍሳቸውን እንዲሰጠው ይጸልያል። በመስቀሉ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ ያላስታወሰ አንባቢ የለም።

ታዲያ ቶም ፈሪ ነበር?

አልነበረም። ስቶው ስትስለው ደረቱ የሰፋ፣ ጉልበቱ የበረታ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ሽበታም፣ ጎባጣና አጎብዳጅ ያደረጉት በልብ ወለዱ ስም ለብዙ አሠርት ዓመታት በየከተማው ሲታዩ የኖሩት ቲያትሮች ናቸው። ደራሲዋ በእነዚህ ቲያትሮች ላይ ሥልጣን አልነበራትም፤ የጊዜው ሕግ የልብ ወለድን የመድረክ መብት አይጠብቅም ነበርና። «አጎት ቶም» ስድብ የሆነው በአብዛኛው ከዚያ መድረክ ላይ ተነሥቶ ነው።

ታሪኩን በዝርዝር እንየው። በሌግሪ እርሻ ላይ በግዞት የምትኖረው ካሲ ሌግሪን በአልኮል አደንዝዛ፣ መጥረቢያ አዘጋጅታ፣ ግደለው ትለዋለች። ቶም ደም ማፍሰሱን እንቢ ይላል። ያለ ደም ማምለጥ ከቻላችሁ ግን ሂዱ ብሎ የሚመክራት እሱ ነው። ራሱ የሚቀረው እዚያ ላሉት ምስኪኖች እግዚአብሔር ሥራ ሰጥቶኛል ብሎ ስለሚያምን ነው። ካሲና ወጣቷ ኤመሊን ሲሰወሩ ሌግሪ የት እንዳሉ ንገረኝ ይለዋል። ቶም አላውቅም ብሎ አይዋሽም፤ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም ይላል። የሞተው በዚህ ነው። ሁለት ሴቶች ነጻ የወጡት በእሱ ዝምታ ነው።

ሁለት ጊዜ ትእዛዝ ተሰጠው፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አለ፤ አንድም ጊዜ አልገረፈም፣ አንድም ሰው አሳልፎ አልሰጠም። ይህንን ማጎብደድ የሚለው ሰው መጽሐፉን አላነበበውም ብዬ አምናለሁ።

እግዚአብሔር ወዴት አለ የሚሉትስ?

ስቶው ሁሉንም ሰው እንደ ቶም አላደረገችም። የኤላይዛ ባል ጆርጅ ሃሪስ የተማረ፣ ቁጡ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ነው፤ የምታመልኩት አምላክ ለነጮች ብቻ ነው ወይ የሚል ጥያቄው እውነተኛ ነው። ያስጠለሉት ኩዌከሮች (ጦርነትንና ባርነትን የሚቃወሙ፣ ኮብላዮችን በመርዳት የታወቁ ክርስቲያኖች ናቸው) ሊወቅሱት አይቸኩሉም። ሽማግሌው ሲሚየን መዝሙር 73ን ያነብለታል፤ የኃጢአተኞችን ሰላም አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት የቀረውን የአሳፍን መዝሙር። ጥርጣሬው ራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቦታ እንዳለው ሲያይ ጆርጅ ይረጋጋል። እነዚያው ሰላማውያን ሰዎች ሊይዛቸው መጥቶ የቆሰለውን ባሪያ አዳኝ ቤታቸው አስገብተው ያስታምሙታል።

ፍርዱ በማን ላይ ነው?

ስቶው የመጨረሻውን ምዕራፍ በራሷ ድምፅ ትጽፋለች። ደቡብ ብቻ አይደለም የበደለው፣ ሰሜንም በደሏል፤ የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያንም የከበደ ሒሳብ ይጠብቃታል ትላለች። ከነቢዩ ሚልክያስ የምንደኛውን ደመወዝ በሚከለክሉ ላይ ፈጣን ምስክር ሆኖ ስለሚመጣው ጌታ ጠቅሳ አገሪቱ ንስሐ ካልገባች የአምላክ ቁጣ እንደሚደርስባት ታስጠነቅቃለች። በልብ ወለዱ መካከል ከሰሜኑ የቨርሞንት ግዛት የመጣችው ኦፊሊያ ይህንን ክስ በሥጋ ለብሳ ትታያለች፤ ባርነትን ትጠላለች፣ ጥቁሯን ልጅ ቶፕሲን መንካት ግን ይቀፋታል። ከሌግሪ በፊት ቶምን የገዛው ጌታ ልጅ፣ ሕፃኗ ኢቫ፣ እጇን በቶፕሲ ትከሻ ላይ አድርጋ እወድሻለሁ ስትላት ነው ኦፊሊያ ራሷን ያየችው።

መጽሐፉ የሚተቸው በምንድን ነው?

በትክክል የሚተች ነገር አለው፤ ሊሸፈንም አይገባውም። ስቶው አፍሪካውያን በተፈጥሯቸው ገሮች፣ ታዛዦችና ለሃይማኖት ቅርብ ናቸው ብላ ጽፋለች። ሙገሳ መስሎ የቀረበ የዘር ፍርድ ነው። የሚያምጹትና የሚያመልጡት ጆርጅ፣ ኤላይዛና ካሲ ቆዳቸው የነጣ መሆኑ፣ ጥቁሩ ቶም ግን መከራን የሚቀበል መሆኑም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በመጨረሻም ጆርጅ ቤተሰቡን ይዞ ከአሜሪካ የሚወጡ ጥቁሮች ወደሚሰፍሩባት የምዕራብ አፍሪካ አገር ወደ ላይቤሪያ እንዲሄድ ታደርጋለች።

ይህ መጨረሻ የብዙ ጥቁር አሜሪካውያንን ልብ ሰበረ። ከባርነት አምልጦ የዘመኑ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ልብ ወለዱን አድንቆ ተቀብሎት ነበር። እሱ ራሱ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የዚህች አገር ክርስትናና የክርስቶስ ክርስትና እጅግ የተራራቁ ናቸው ብሎ ጽፏል፤ ስቶው በልብ ወለድ የተናገረችው ይህንኑ ነው። በመጋቢት 1853 ግን ደብዳቤ ጻፈላት። ነጻ ለወጡ ጥቁሮች የእጅ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ በአሜሪካ እንዲቋቋም እንድትረዳ ጠየቃት፤ ስለ ላይቤሪያውም ሐሳብ እውነቱን በትሕትናና በጽናት ነገራት፦ እኛ ያለነው እዚህ ነው፤ የምንኖረውም እዚሁ ነው።